በግ የማያድርበት የበግ አርቢ ቤት

ጥያቄ፦ በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ሌክ ዲስትሪክት የተባለውን ተራራማ አገር ስጎበኝ የጥንት በግ አርቢዎችን ቤቶች በጥሞና ተመለከትኩ። መኖሪያው በኖራ ነጥቷል፤ ጎተራው ግን ድንጋዩ እንደተራቆተ ነው፤ በአንዳንዱ ጎተራ ላይም ከጣሪያው ሥር የእንጨት ሰገነት ይታያል። በጎቹ የሚያድሩበትን ቤት ግን ፈልጌ አጣሁ። የዚህ ሁሉ ምክንያት ምን ይሆን?
የሕንፃ ጥበብ ተማሪ

መልስ፦ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ብንነሣ የቀሩት በቀላሉ ይፈታሉ። የአካባቢው ነባር ዝርያ ኸርድዊክ ይባላል፤ ክረምቱን በተራራው ላይ ለማሳለፍ የሚችል ጠንካራ በግ ነው። እያንዳንዱ መንጋ አጥር በሌለው ተራራ ላይ የራሱን ግጦሽ ለይቶ ያውቃል፤ ይህንንም ዕውቀት ግልገሉ እናቱን ተከትሎ ሲግጥ ይማረዋል። ስለዚህም እርሻው ወደ ሌላ ጭሰኛ ሲተላለፍ መንጋው ከመሬቱ ጋር እንዲቀር የማድረግ ልማድ አለ። ጣሪያ የሚያስፈልጋቸው ላሞቹ፣ ድርቆሹ፣ የተሸለተው ጸጉርና ሰዎቹ ነበሩ። በግ አርቢው የበለጸገው በበጎቹ ቢሆንም፣ ቤቱን የቀረጹት ዝናቡ፣ ከብቱና የበግ ጸጉሩ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው በዚያው በሌክ ዲስትሪክት፣ በትራውትቤክ መንደር የሚገኘው ታውንኤንድ የተባለው ቤት ነው። የብራውን ቤተሰብ፣ ማለትም በእርሻና በበግ ጸጉር ንግድ ኑሮው የተደላደለ የባለርስት ገበሬ ዘር፣ ከ400 ዓመታት በላይ የኖረበት ሲሆን፣ አሁን የሚታየው ቤት በአብዛኛው እ.ኤ.አ. በ1626 ገደማ የተሠራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1948 ናሽናል ትረስት ወደተባለው የቅርስ ጥበቃ ድርጅት ተላልፏል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ጎተራ እ.ኤ.አ. የ1666 ዓመተ ምሕረት ይዟል። ጎተራው ተዳፋቱን ተጠግቶ የተሠራ ባለ ሁለት ደረጃ ሕንፃ ነው። ጋሪው ከላይኛው ወገን በቀጥታ ወደ ፎቁ ይገባና ድርቆሹን ያራግፋል፤ ከሥር ባለው ጋጥ የታሰሩት ላሞች ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ከላይ በሚወርድላቸው ድርቆሽ ይቀለባሉ። ሸክም ወደ ላይ መሳብ የሌለበት፣ የመሬቱን ዘንበል ብሎ መቀመጥ ወደ ጥቅም የለወጠ ንድፍ በመሆኑ እጅግ አደንቀዋለሁ።

የእንጨቱ ሰገነት በተለምዶ የፈትል ሰገነት ይባላል። ሴቶች በብርሃን ተቀምጠው ይፈትሉበት ነበር የሚለው ታሪክ የተወደደ ነው፤ ነገር ግን ዝናብ በሚያዘወትረው በዚያ አገር ከጣሪያ በታች ነፋስ የሚያገኝ ቦታ ከሁሉ በፊት የሚጠቅመው የበግ ጸጉር ለማድረቅና ለማቆየት፣ ከአንዱ የፎቅ ክፍል ወደ ሌላው ለመሸጋገርም ነው።

ወደ ግድግዳው ስንመጣ፣ የአካባቢው ድንጋይ በስስ ጠፍጣፋ የሚሰነጠቅ ስለሆነ ለመጥረብ ያስቸግራል። በብዙ ግድግዳዎች ላይ ግንበኞቹ እያንዳንዱን ድንጋይ በትንሹ ወደ ውጭ ዘንበል አድርገው ስለሚያስቀምጡት፣ ውኃው ወደ ውስጥ ሳይሰርግ ወደ ውጭ ይንጠባጠባል። ለጎተራ ይህ ይበቃል፤ እንዲያውም በድንጋዮቹ መካከል የሚያልፈው አየር ድርቆሹ እንዳይሻግት ይረዳል። ሰው የሚያድርበት ግድግዳ ግን በነፋስ የሚገፋውን ዝናብ ሊቋቋም ስለሚገባው በኖራ ምርጊት ይሸፈንና ዳግመኛ በኖራ ይቀባል። ኖራ የገባበትን እርጥበት መልሶ ያስወጣል። በኋላ ዘመን ኖራውን አንሥተው በሲሚንቶ የለሰኑ ባለቤቶች በቤታቸው ላይ ትልቅ ጉዳት አድርሰዋል፤ ሲሚንቶው ሲሰነጠቅ የገባው ውኃ መውጫ አጥቶ ግድግዳውን ከውስጥ ያረጥበዋልና። በእድሳት ሥራ ላይ የሚሰማሩ ከሆነ ከሁሉ አስቀድመው ይህን ያስቡ።

በውስጥ በኩል የቤቱ ልብ እሳት ያለበት ክፍል ነው። ከሰፊው ምድጃ በላይ ከእንጨትና ከምርጊት የተሠራ ትልቅ የጭስ መሰብሰቢያ ይንጠለጠል ነበር፤ የበግ ሥጋም በዚያ ውስጥ እየተሰቀለ በጭስ ይደርቃል። ከምድጃው አጠገብ በግድግዳው ውስጥ የምትገኘው ትንሽ ቁም ሣጥን ቅመምና ጨው ከእርጥበት የሚጠበቁባት ናት። በሯ ላይ ብዙ ጊዜ የባልና የሚስት ስም መነሻ ፊደላት ከነዓመተ ምሕረቱ ይቀረጻሉ። ይሁን እንጂ የቤቱን ዕድሜ በዚህ ቅርጽ ብቻ አይወስኑ፤ የተጻፈው ዓመት ቤቱ የታነጸበት ሳይሆን ጋብቻ የተፈጸመበት ወይም ክፍሉ የታደሰበት ሊሆን ስለሚችል፣ ከጣሪያው ወጋግራና ከግድግዳው አሠራር ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል።