የድርጭት ጫጩቶቼ ለምን ያልቁብኛል ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ከአዲስ አበባ ያስመጣሽው የድርጭት እንቁላል ግማሹ እንኳ አልተፈለፈለም፣ የወጡትም በሦስት ቀን ውስጥ አለቁብሽ። እኔም እዚሁ ጅማ ነው የማረባው። በእኔ ግምት ችግርሽ ሙቀት ነው፤ መፈልፈያ ማሽኑ ውስጥም፣ ከወጡ በኋላም።

ያልተፈለፈሉትን ሳትጥዪ ሰብረሽ እዪያቸው። ጥርት ያለ አስኳል ብቻ ካገኘሽ ምናልባት ወንድ ያላገኘው እንቁላል ነው፤ እሱን ከሻጩ ጋር ተነጋገሪበት። ሙሉ ጫጩት ሆኖ ቅርፊቱን ሳይሰብር የሞተ ከበዛ ግን ሙቀትና እርጥበትሽን ጠርጥሪ።

የማሽኑ ማሳያ የሚፈለገውን 37.5 ዲግሪ ስላለ እውነት ነው ማለት አይደለም። ትኩሳት የምንለካበትን ቴርሞሜትር ከእንቁላሎቹ አጠገብ አስገቢና አወዳድሪ፤ የምንፈልገው ሙቀት ከሰው ገላ ብዙም ስለማይርቅ ጥሩ መፈተሻ ነው። ቴርሞሜትርን በፈላ ውኃ ፈትሺ የሚሉሽን አትስሚ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 100 ነው ብለሽ ካስተካከልሽ ጭራሽ ይበላሽብሻል።

በአውቶቡስ የመጣ እንቁላል ሹል ጫፉ ወደ ታች ሆኖ አንድ ሌሊት ይረፍ። ቢያንስ በቀን ሦስት ጊዜ አገላብጪ፤ በ14ኛው ወይም በ15ኛው ቀን ማገላበጡን አቁመሽ እርጥበቱን ከ50 በመቶ አካባቢ ወደ 65 እና 70 ከፍ አድርጊው። በ17ኛውና በ18ኛው ቀን ይወጣሉ። ያኔ እባክሽ ክዳኑን አትክፈቺ! ጫጩቷ በሰፊው ጫፍ በኩል አንዲት ስንጥቅ ታበጅና ለሰዓታት ዝም ትላለች። ሞተች ብለሽ አትንኪያት፤ የቀረውን አስኳል ወደ ሆዷ እየሳበች ነው። ከዚያ እየዞረች ቅርፊቱን ዙሪያውን ትቆርጠውና ገፍታው ትወጣለች። ማሽኑ ከተከፈተ እርጥበቱ ይወጣል፣ ስሱ ሽፋን ይደርቅና ይጣበቅባታል። የወጡትም እስኪደርቁ እዚያው ይቆዩ፤ አስኳሉ ስላለ ለአንድ ቀን አይርባቸውም። መብራት ከጠፋ ማሽኑን በብርድ ልብስ ሸፍኚው፣ የአየር ቀዳዳው ብቻ ክፍት ይሁን።

ከወጡ በኋላ የመጀመሪያው ሳምንት ከ35 እስከ 37 ዲግሪ ይፈልጋሉ፤ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል ቀንሺ። ኤልኢዲ አምፖል አያሞቅም፣ የድሮው ዓይነት ያስፈልግሻል። ከሳጥኑ አንድ ጥግ ብቻ አንጠልጥዪው፣ ራሳቸው ይመርጣሉ። አምፖሉ ሥር ተደራርበው ከጮኹ በርዷቸዋል፤ ሸሽተው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል። በክረምት የእኛ ሌሊት ቀላል አይደለም፣ ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ሙቅ ውኃ የሞላ ሃይላንድ በጨርቅ ጠቅልለሽ አስገቢላቸው። ከሰል በዝግ ክፍል አታንድጂ፣ ላንቺም ለእነሱም አደጋ ነው።

የውኃው ነገር ደግሞ ብዙ ሰው የሚንቀው ነው። የድርጭት ጫጩት ከአውራ ጣት አትበልጥም፤ ለዶሮ ጫጩት የሚሆን ዕቃ ውስጥ ገብታ ትሰጥማለች፣ ባትሰጥም ርሳ በብርድ ትሞታለች። የሃይላንድ ክዳን ላይ ጠጠር ሞልተሽ በመሐሉ ውኃ አፍስሺበት። ወለሉ ላይ ጋዜጣ አታንጥፊ፣ እየተንሸራተቱ እግራቸው ይከፈታል። ጆንያም ክሩ ጣታቸውን ይይዛል፤ አሮጌ ፎጣ ይሻላል። የቡና ገለባ በነጻ ስለሚገኝ ሁሉም ያነጥፋል፣ ግን ጫጩቶቹ ይለቅሙታል፣ ሻጋታም አያጣውም፤ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይቅርብሽ።

መኖው ፕሮቲኑ 24 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። የሥጋ ዶሮ ስታርተር (የጫጩት መጀመሪያ መኖ) ካገኘሽ ፕሮቲኑን ጠይቀሽ፣ በሙቀጫ አድቅቀሽ ስጪ፤ ካነሰ የተቀቀለ እንቁላል ፈርፍረሽ ጨምሪበት። በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ወንዱ ደረቱ ቀላ ይላል፣ ሴቷ ነጠብጣብ ታወጣለች። ለአንድ ወንድ ከሦስት እስከ አምስት ሴት ይበቃል። ትርፍ ወንዶቹን ቶሎ ለዪ፣ አለዚያ አንዱ የሌላውን ጭንቅላት ይልጠዋል።