የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ መድኃኒቱ ያስርባል፣ ቤት ውስጥ የሚበላ የለም

ጥያቄ፦ ወንድሜ 26 ዓመቱ ነው። ስኪዞፍሬንያ (ከባድ የአእምሮ ሕመም) ነው ተብሎ ኦላንዛፒን ይወስዳል። ድምፅ መስማቱ ቀርቶለታል፣ እንቅልፍም አግኝቷል። ግን በጣም ያስርበዋል። እኔ እንጀራ ጋግሬ እየሸጥኩ አራት ሰው አስተዳድራለሁ። ሌሊት ተነስቶ የልጆቹን ቁርስ ስለሚጨርስ ቤቱ የጠብ ቤት ሆኗል። አሁን ደግሞ «በባዶ ሆዴ ይጎዳኛል» እያለ እየዘለለ መውሰድ ጀምሯል። ምን ላድርግ? (ከአዘዞ)

መልስ፦ እህታችን፣ በቅድሚያ ጠቡ ይብረድ። ወንድምዎ ሆዳም ሆኖ አይደለም። ኦላንዛፒን የጥጋብን ስሜት ስለሚያዳክም ሰው በልቶም ያልበላ ይመስለዋል። ክሎዛፒንና ክሎርፕሮማዚንም እንዲሁ ያስርባሉ። ቡታጅራ አካባቢ በስኪዞፍሬንያ ታማሚዎች ላይ የተሠራ ጥናት፣ መድኃኒት ከሚቋረጥባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው እንደሆነ አሳይቷል፤ መድኃኒቱ የቀሰቀሰውን ረሃብ የሚያስታግስ ምግብ ማጣት ነው። ስለዚህ ቀጠሮ ላይ «መድኃኒቱን እምቢ አለ» ብለው ብቻ አይመለሱ። ቤት ውስጥ ምግቡ እንደማይበቃ በግልጽ ይንገሩ፤ ሐኪሙ መድኃኒት ሲመርጥ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው።

ባዶ ሆድን በተመለከተ፣ ለዚህ ሕመም የሚሰጡት ኦላንዛፒን፣ ሪስፔሪዶንና ሃሎፔሪዶል ያለ ምግብ ቢዋጡ ሥራቸውን ይሠራሉ። እራት የጠፋበት ቀን ኪኒኑም የሚቀርበት ቀን መሆን የለበትም። በባዶ ሆድ የሚያቅለሸልሹት ቫልፕሮኤትና ካርባማዜፒን ናቸው፤ እነሱን የሚወስድ ሰው ቁራሽ እንጀራም ቢሆን ይቅመስ። ወንድምዎ ከመኝታ ሲነሳ ግን ዓይኑ ሊጨልምበት ስለሚችል ትንሽ ቁጭ ብሎ ይነሳ።

የቀኑን ዋና ምግብ ወደ እራት ያዙሩለት። እራት 1 ሰዓት ተኩል፣ ኪኒን 2 ሰዓት፣ መኝታ 3 ሰዓት ቢሆን ረሃቡ ከሚበረታበት ሰዓት ብዙውን በእንቅልፍ ያልፋል። ለሌሊቱ የራሱን ድርሻ ለብቻው ከድነው ያስቀምጡለት፤ አንድ እፍኝ የሽምብራ ወይም የባቄላ ንፍሮና አንድ ጣሳ ውሃ ይበቃል። ጥራጥሬ ሆድ ይይዛል። ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ ግን ወዲያው ያስርባል፤ ኦላንዛፒን ራሱ የደም ስኳርንና ክብደትን ስለሚጨምር ጣፋጩ ጉዳቱን ያባብሰዋል። ድርሻው ተለይቶ ሲታወቅ የልጆቹም ቁርስ ይተርፋል።

ይህም ካልሠራ መድኃኒቱ እንዲቀየርለት ይጠይቁ። ሃሎፔሪዶልና ፍሉፌናዚን ያን ያህል አያስርቡም። እነሱም ግን ጣጣ አላቸው፦ ሰውነትን ግትር ያደርጋሉ፣ እጅ ያንቀጠቅጣሉ፣ ቁጭ ብሎ መዋልን ይከለክላሉ። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንገቱ ከተጣመመ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ከተሰቀለ ወይም ምላሱ ከተሳሰረ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። ብዙ ቤተሰብ ይህን ሲያይ «ለከፈው» ብሎ ይደነግጣል፤ የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ነው፣ መርፌ ሲሰጠው ቶሎ ይለቀዋል። ቅያሬው በሐኪም እጅ ይሁን፤ የጎረቤት ኪኒን ተውሶ መሞከር ሕመሙን ይመልሳል።

ጥያቄ፦ ልጄ 23 ዓመቱ ነው። ለአእምሮ ሕመሙ በየወሩ የፍሉፌናዚን መርፌ ለማስወጋት ከቆላድባ ጎንደር አመላልሰዋለሁ፤ የትራንስፖርቱ ብር አልቻልኩትም። የጤና መድን ደብተር ቢኖረኝም «ልጁ የለበትም» አሉኝ። መርፌው ካለፈው ሁለት ወር ሆነው፣ ግን ደህና ነው። ልተወው?

መልስ፦ እባክዎ አይተዉት። በየ4 ሳምንቱ የሚወጋው ፍሉፌናዚን ጡንቻ ውስጥ ተቀምጦ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ደም ይገባል። ሲቋረጥም የሚያልቀው ቀስ ብሎ ነው፤ ልጅዎ አሁን ደህና የመሰለው ለዚህ ነው። ሕመሙ ከወራት በኋላ ሲያገረሽ ከቀረው መርፌ ጋር የሚያያይዘው ሰው አይኖርም። ሁለት ሦስት ሌሊት ካልተኛ፣ ብቻውን ማውራት ወይም ከሰው መሸሽ ከጀመረ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይውሰዱት።

አሁን ሲሄዱ ሐኪሙን አንድ ደብዳቤ ይለምኑ፤ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠንና የሚቀጥለው መርፌ ቀን የተጻፈበት፣ እዚያው ቆላድባ እንዲወጋ የሚያስችል። ከመመለስዎ በፊት መድኃኒቱ ቆላድባ መኖሩን አስደውለው ያረጋግጡ፤ ብዙው ሰው የሚቸገረው ደብዳቤው ኖሮ መድኃኒቱ ሲጠፋ ነው። ከጠፋ የወሩን ገዝተው ይዘው ይሂዱ።

መድኑን በተመለከተ፣ በማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን 18 ዓመት ያለፈው ልጅ በወላጁ መዋጮ አይሸፈንም፤ ተጨማሪ መዋጮ ተከፍሎለት ይመዘገባል። ታመው ከወላጅ ቤት የቀሩ ጎልማሶች የሚያመልጣቸው ይህ ነው። የእድሳት ወቅት ሲደርስ ፎቶውን ይዘው ቀበሌ ይሂዱ። መክፈል ካልቻሉ መንግሥት መዋጮ በሚሸፍንላቸው ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ፣ የሆስፒታል ማስረጃ አያይዘው ያመልክቱ፤ ሕመም በዓይን ካልታየ «ጎረምሳ ነው፣ ሠርቶ ይብላ» የሚል አይጠፋም። ሆስፒታል ሲሄዱም ከጤና ጣቢያ ሪፈር ይያዙ፤ ድንገተኛ ካልሆነ ያለ ሪፈር ከሄዱ ወጪው በእርስዎ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ጥያቄ፦ ክሎርፕሮማዚን እወስዳለሁ፤ የቀን ሥራ እሠራለሁ። ጠዋት መንቃት አቅቶኝ ሥራው ያመልጠኛል፤ ፀሐዩም ፊቴን አቃጠለኝ። (ከማራኪ)

መልስ፦ ሁለቱም ከመድኃኒቱ ነው። ቀን የሚወስዱት ካለ ሙሉው መጠን ወደ ማታ እንዲዞር ሐኪሙን ይጠይቁ፤ ከ4 ሰዓት ይልቅ 1 ሰዓት ማታ ከዋጡት ጠዋት ይቀልልዎታል። ባርኔጣና እጅጌ ሙሉ ሸሚዝ ይልበሱ። ድብታው እስኪለቅዎ መወጣጫ ላይ አይውጡ፤ አሸዋ ማቀበል ወይም ውሃ ማመላለስ ይሻልዎታል።

ጥያቄ፦ ልጃችንን ለ14 ቀን ጸበል ልናስገባው ነው። የአእምሮ ሕመም መድኃኒቱን እናቁም?

መልስ፦ አባታችን፣ አያቁሙት። ጸበሉን ጠዋት ይጠመቅ፣ ኪኒኑን ማታ ይዋጥ፤ ጾሙም አይፈርስም። መንገድና ሕመም አይታወቅምና የ21 ቀን ኪኒን ይያዙ፤ የመርፌው ቀን በመሃል የሚውል ከሆነ ከመግባቱ በፊት ምን እንደሚደረግ ሐኪሙን ይጠይቁ። ክሎርፕሮማዚን የሚወስድ ከሆነ ሰውነቱ ብርድን መቋቋም ስለሚያቅተውና ግፊቱም ስለሚወርድ፣ የጎንደር ንጋት ላይ ከተጠመቀ በኋላ ወዲያው ደረቅ ልብስ ይቀየርለት። አስተናጋጆቹ በሰንሰለት እንሰረው ካሉ አይፍቀዱ፤ መድኃኒቱን የሚያስታውሰው አንድ ዘመድ አብሮት ይደር።