ሙስናና ጉቦ አንድ ናቸው?

ጥያቄ፦ አባቴ ቄስ ናቸው። ሙስና ማለት መበስበስ ነው ይሉናል። እኔ ደግሞ ጉቦ ይመስለኛል። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ አባትህ ልክ ናቸው። ቃሉ የግእዝ ነው፤ «ማሰነ» ጠፋ፣ ተበላሸ ማለት ሲሆን «ሙስና» ደግሞ ጥፋት፣ ብልሽት ነው። በግእዙ መዝሙረ ዳዊት ውስጥ የምታገኘው ሙስና ስለ ሥጋ መበስበስ እንጂ ስለ ገንዘብ አያወራም። ዛሬ ግን ሕጉም ጋዜጣውም ለሥልጣን ብልሽት ይጠቀሙበታል፤ በ1993 ዓ.ም. የተቋቋመው የፀረ ሙስና ኮሚሽንም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ጉቦ የሙስና አንዱ ዓይነት ብቻ ነው። ፋይልህን ለማንቀሳቀስ «የሻይ» የሚልህ ሠራተኛ (ይሄ «የሻይ» የሚሉት ነገር ሌብነትን ስለሚያለሳልስ በጣም ያናድደኛል) ጉቦ በላ ይባላል። የመሥሪያ ቤቱን ሲሚንቶ ጭኖ የራሱን ቤት የሠራበት ኃላፊስ? ከማንም ጉቦ አልተቀበለም፣ ሙሰኛ ግን ነው። አነጋገሩም ይለያል፦ ጉቦ ይበላል፣ ሙስና ይፈጸማል።