ባለ 5 ክፍሉ ይሻላል ወይስ ባለ 4ቱ? (ጃፓን ሳይታማ ቤት ለሚገዛው ወንድማችን)

ወንድሜ ጥያቄህን አሁን ነው ያየሁት። ሳይታማ ላይ ሁለት ቤት አግኝተናል፣ አንዱ 5ኤልዲኬ (5 ክፍል ሲደመር ሳሎን ከነኪችኑ ማለት ነው) 118 ካሬ ባለ 3 ፎቅ (ጃፓኖች ምድሩን 1 ብለው ነው የሚቆጥሩት)፣ ሌላው 4ኤልዲኬ ፕላስ ኤስ (ኤሷን ታች እነግርሃለሁ) 115 ካሬ ባለ 2 ፎቅ፣ ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው፣ ልጆቹ 11፣ 7 እና 4 ዓመት ናቸው፣ እናቴም ስትመጣ 3 ወር ትቆያለች፣ የቱ ይሻላል ነው ያልከው። እኔ ብሆን ሁለተኛውን ነው የምይዘው፣ ለምን እንደሆነ ትንሽ ይረዝማል ታገሠኝ።

መጀመሪያ 118 የሚለው ቁጥር አያስጎምጅህ። ኖቤዩካ የሚሉት የሁሉም ፎቅ ወለል ድምር ነው፣ ቤቱ ሥር የተሠራ ጋራዥ ካለ እሱም ተደምሮ ነው የሚመጣው። የለጠፍከውን ወረቀት አጉልተህ እየው፣ ከ118ቱ ጎን በደቃቁ ሻኮ (ጋራዥ) 13 ካሬ ጨምሮ ይላል። ስለዚህ ሰው የሚኖርበት 105 ነው ማለት ነው። ባለ 2 ፎቁ መኪና ውጪ ነው የሚያቆመው፣ 115ቱ በሙሉ ቤት ነው። በረንዳ ደግሞ አይቆጠርም፣ ፉኪኑኬውም (ሳሎኑ ላይ እስከ ላይ ክፍት አድርገው የሚተውት) አይቆጠርም፣ ስለዚህ በዓይን ሰፊ የሚመስል ቤት በወረቀት ትንሽ ሊሆን ይችላል፣ ግራ እንዳይገባህ።

ቀጥለህ ካልኩሌተር አውጣና ጆዎቹን (ክፍል የሚለኩበት፣ የአንድ ታታሚ ምንጣፍ ስፋት) ደምር። ማስታወቂያ ላይ 1 ጆ ቢያንስ 1.62 ካሬ መሆን አለበት፣ ደንብ ነው። የ5ኤልዲኬው ሳሎን ከነኪችኑ 16፣ ክፍሎቹ 6፣ 5፣ 5፣ 4.5፣ 4.5፣ ድምር 41 ጆ፣ ወደ 66 ካሬ ይመጣል። የሌላው 20፣ 8፣ 6፣ 5.5፣ ዋሺትሱው (ታታሚ የተነጠፈበት የጃፓን ክፍል) 4.5፣ ኤሷ 3፣ ድምር 47 ጆ፣ ወደ 76 ካሬ። አየህ አይደል፣ በወረቀት በ3 ካሬ የሚያንሰው ቤት በክፍል ስፋት በ10 ካሬ ይበልጣል። የቀረው ደረጃ፣ ኮሪደር፣ ባኞ፣ ሽንት ቤትና ቁም ሳጥን ነው፣ ባለ 3 ፎቁ ደረጃውን ሁለቴ ስለሚከፍል ነው እንደዚህ የሚበላው። ፉዶሳኑ (የቤት ደላላው) ይሄን አይነግርህም፣ ክፍል ቁጥር ነው የሚሸጥልህ።

ሌላው፣ ባለ 3 ፎቁ ሳሎኑና ኪችኑ መሃል ፎቅ ላይ ነው። እናትህ ምድር ላይ ብትተኛ ቁርስ ለመብላት ደረጃ ልትወጣ ነው፣ ከልጆቹ ክፍል ጋር ደግሞ ሁለት ፎቅ ይለያያሉ። የሩዝ ጆንያ፣ ውሃ፣ ሽንኩርት ሁሉ በደረጃ ነው። ጎረቤቴ እንደዚህ አይነት ቤት ውስጥ ነው ያለችው፣ ፍሪጇን በክሬን በመስኮት ነው ያስገባችው ምክንያቱም ትልቁ ፍሪጅ ወርዱ ወደ 68 ሴንቲ ነው፣ ኮሪደሩ በወረቀት 91 ቢልም እሱ ከግድግዳ መሃል እስከ ግድግዳ መሃል ነው፣ ስታልፍበት 78 ገደማ ነው፣ ደረጃው ላይ ደግሞ የእጅ መደገፊያው አለ ጥምዘዛው አለ። ክፍሎቹም እንደዛው ናቸው። 4.5 ጆ 2.7 በ2.7 ነው ትላለህ፣ ውስጡን በሜትር ስትለካው 2.6 እንኳን አይሞላም፣ ሁለት ሲንግል አልጋ (እያንዳንዱ 97 ሴንቲ) ጎን ለጎን ብታደርግ የሚተርፍህ 60 ምናምን ሴንቲ ነው፣ ከዛ የቁም ሳጥኑ በር ይከፈታል አይከፈትም የሚለው ጭቅጭቅ ይጀመራል። ስለዚህ ባለ 5 ክፍል ማለት ሁለቱ ለአንድ አንድ ልጅ ብቻ ናቸው ብለህ ያዘው።

ኤስ ምንድን ናት ላልከው፣ በሕጉ መስኮቷ ስላልበቃ ክፍል ተብላ መጠራት የማትችል ክፍል ናት፣ ናንዶም ይሏታል። ብዙ ጊዜ የኤሲ ቀዳዳም ሶኬትም የላትም፣ ሰው አታስተኛባት በበጋ ትቀቅለዋለች። ለጤፍ፣ ለሻንጣ፣ ለክረምት ብርድ ልብስ ግን ወርቅ ናት፣ እኛ ሀበሾች ዕቃ አንጥልም።

ዋሺትሱው ከሳሎን ጋር በፉሱማ (በተንሸራታች የወረቀት በር) ነው የሚገናኘው አይደል? እናትህ ሲመጡ እዛ ቢሆኑ ሽንት ቤትም ቅርብ ነው፣ ደረጃም የለም፣ ኦሺሬው (የግድግዳ ቁም ሳጥኑ) ፍራሽ ይውጣል። ችግሩ ድምፅ ነው፣ ቲቪ ከፍታችሁ እሳቸው አይተኙም 😀 ሳይመጡ ሲቀሩ ፉሱማውን ከፍታችሁ ሳሎኑን 24 ጆ አካባቢ ታደርጉታላችሁ፣ በዓል ሲሆን ይሄን ታመሰግናለህ። አንድ የማልወደው ነገር ደረጃው ከሳሎን ውስጥ መነሳቱ ነው። ኮሪደር ይቆጥባል እውነት ነው፣ ግን ቁሌቱ ሲቁላላ ሽታው ቀጥታ መኝታ ቤት ነው የሚወጣው፣ በክረምትም ሙቀቱ ወደ ላይ ይሄዳል። ደረጃው ሥር በር ማስገባት ይቻል እንደሆነ ጠይቃቸው።

ለቤተሰባችን ይበቃል ወይ ላልከው፣ መንግሥት በ2021 (በፈረንጅ) ባወጣው የቤት ዕቅድ ለከተማ ዳር ቪላ ያበረታታው ልክ አለ፣ 25 ካሬ በሰው ሲባዛ እና 25 ሲደመር፣ ከ10 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በከፊል ይቆጠራሉ፣ ከ4 ሰው በላይ ከሆነ ከድምሩ 5 ፐርሰንት ይቀነሳል። የእናንተን ሳሰላው (እናትህን ሳልቆጥር) ወደ 125 ካሬ ይመጣል፣ ልጆቹ ሁሉም 10 ሲያልፉ ደግሞ 142 ተኩል። ሁለቱም አይደርሱም፣ ግን ግዴታ አይደለም ማመላከቻ ነው፣ 115 ከ105 ይሻላል በቃ። ባለ 8 ጆውን ክፍል ሁለት በርና ሁለት መስኮት እንዳለው እየው፣ ካለው፣ ወደፊት መሃሉ ግድግዳ ገብቶበት ለሁለት ልጅ ይሆናል።

አዲስ ይሁኑ አሮጌ አልነገርከንም። አሮጌ ከሆነ ከሰኔ 1981 በፊት የተፈቀደ እንዳይሆን (በፈረንጅ ነው የምቆጥረው)፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ደንቡ ያኔ ነው የተቀየረው፣ ለእንጨት ቤት ደግሞ በ2000 እንደገና ጠብቋል፣ ከዛ ወዲህ ከሆነ የተሻለ።

የምጣድ ነገር ደግሞ ሚስትህ ትጠይቅሃለች። ተራው ሶኬት 100 ቮልት ነው፣ የሀገር ቤት ምጣድ በ220 ነው የተሠራው፣ በ100 እንጀራ አይወጣም። ቤቶቹ ላይ ግን ለኤሲ የሚሆን 200 ብዙ ጊዜ ስለሚኖር ኪችን አጠገብ አንድ ባለ 200 ሶኬት በፈቃድ ባለው ኤሌክትሪሺያን ታስገባለህ፣ በ200 ትንሽ ቀዘቀዝ ብሎም ይጋግራል። ብሬከሩ 40 አምፒር ነው 60 የሚለውንም ከመፈረምህ በፊት እይ፣ ሳጥኑ ከኪችኑ ከራቀ የመስመር መሳቢያው ዋጋ ይጨምራል።