ቆሻሻውን ለማን እንስጥ? ሰሚት ለገባችው እህታችን

ሰላም እህቴ፣ እንኳን ለአዲሱ ቤት አበቃችሁ። «ሰሚት ኮንዶሚኒየም ገባን፤ ቆሻሻ ለማን ነው የምንሰጠው? ይከፈላል ወይ? ሃይላንዱና አሮጌው ቲቪስ ምን ይደረጋል?» ብለሻል። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብዙ ዓመት ስለኖርኩ የማውቀውን ልንገርሽ።

የደረቅ ቆሻሻ ክፍያ ከውሃ ቢል ጋር አብሮ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ጋሪ እየገፉ የሚመጡት የጽዳት ማኅበር ልጆች ሌላ ሂሳብ አይጠይቁሽም። ከአራተኛ ፎቅ ማዳበሪያ ሲያወርዱልሽ ወይም ለበዓል የሻይ መስጠት የራስሽ ፈቃድ ነው (እኔ እሰጣለሁ)። የእናንተ ብሎክ ተራ መቼ እንደሆነ ኮሚቴውን ወይም ጥበቃውን ጠይቂ። በተለይ በክረምትና በበዓል ሰሞን ተራው ሊዘለል ይችላል፤ ያኔ ደረጃ ላይ አውጥቶ መተው ከጎረቤት ያጣላል፣ ድመቱ በትኖት ያድራልና።

ከሁሉም በላይ ግን ማዕድ ቤት ውስጥ እርጥቡንና ደረቁን ለዩ። የእኛ ቤት ቆሻሻ አብዛኛው የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድና የቡና ዝቃጭ ነው። ይሄ ከሃይላንዱና ከካርቶኑ ጋር ሲደባለቅ ይሸታል፣ ትል ያፈራል፣ ሊሸጥ የሚችለውንም ያበላሻል። ክዳን ያለው ባልዲ ለእርጥቡ፣ ማዳበሪያ ለደረቁ፣ በቃ። ረጲ ላይ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ በ2010 ዓ.ም. የተመረቀ ጣቢያ አለ፤ ግን እርጥብ ነገር መቼ በደንብ ይነዳል? እዚያው ያለው ቆሼ የሚባለው የከተማው ቆሻሻ ክምር መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ገድሏል፤ ብዙዎቹ እዚያው ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ «ወጣልኝ፣ ተገላገልኩ» የሚል ሰው ያናድደኛል።

ስለታም ነገር ላይ አደራ። የጽዳት ማኅበሩ ልጆች ቆሻሻውን በእጃቸው ነው የሚገለብጡት፣ ጓንት ያለውም የሌለውም። ምላጭ፣ የኢንሱሊን መርፌና የተሰበረ ብርጭቆ በፌስታል አይቋጠርም። እኛ ቤት ምላጭና መርፌ ጠንካራ የዘይት ጀሪካን ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሲሞላ ክዳኑን በፕላስተር አጥብቀን «ስለታም» ብለን ጽፈንበት በእጃችን እንሰጣቸዋለን። ብርጭቆ በካርቶን ይጠቀለላል።

ሃይላንድ አትጣይ። ጠጅና ዘይት የሚሸጡ ንጹሑን ይፈልጉታል፣ የቀረውን በኪሎ የሚገዙ አሉ። ቁርጥራጭ ብረት፣ ድስትና ጀሪካን ለቆራሌው ነው። እሱ የሚገዛው ብዙው መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብቶ ምድጃም ባልዲም ሆኖ ይወጣል። ዋጋ ላይ ተከራከሪ፣ መጀመሪያ የሚጠራልሽ ዋጋ ቀልድ ነው። ያረጀ ልብስና ጫማ ካለሽ ልዋጭ ሲጠሩ በፕላስቲክ ሳፋ ትቀይሪዋለሽ። ፌስታል እንደሆነ በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ስለከለከለው ዘንቢሉን ከአሁኑ ልመጂ።

ቲቪውን መጀመሪያ ለጠጋኝ አሳዪው፣ ባይሠራም ለመለዋወጫ ብሎ ሊገዛሽ ይችላል። ቆራሌው ከወሰደው ግን መዳቡን ለማውጣት ግቢ ውስጥ እንዳይሰብረው ቁርጡን ንገሪው። የእነዚያ ጀርባቸው የሚያብጥ ቲቪዎች መስታወት እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለበት፤ ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ ላይ ደግሞ ስብርባሪውን ማን ይለቅመዋል?