መልስ፦ የሕዋስ ሽፋን ፕሮቲን በጀጎል ልክ ሲታሰብ

ውድ ጠያቂ፣ «የሽፋን ፕሮቲኖች በናኖሜትር እንደሚለኩ አውቃለሁ፣ መጠናቸው ግን በዓይነ ሕሊናዬ አይመጣልኝም» ላሉት፣ እዚህ ሐረር ለማስጠናቸው ተማሪዎች የምጠቀምበትን ንጽጽር ላካፍልዎ።

የጀጎል ግንብ የሚያቅፈው መሬት 48 ሄክታር ገደማ ስለሆነ፣ ክብ ነው ብለን ብናስበው ከዳር እስከ ዳር 800 ሜትር ያህል ይሆናል። የቀይ ደም ሕዋስ ስፋት ደግሞ 8 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ሕዋሱን መቶ ሚሊዮን ጊዜ ብናጎላው ጀጎልን ያክላል፣ አንድ ናኖሜትርም 10 ሴንቲሜትር ይሆናል። በዚህ ልኬት 5 ናኖሜትር ገደማ የሆነው ሽፋን ውፍረቱ ግማሽ ሜትር ብቻ ነው፤ ከተማ ለሚያህል አካል ምን ያህል ስስ እንደሆነ ልብ ይበሉ። አኳፖሪን የተባለው ፕሮቲን ይህን ሽፋን ከውጭ እስከ ውስጥ የሚያቋርጥ የውሃ ቦይ ሲሆን፣ ጠባቡ ቦታው 3 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ የውሃ ሞለኪውልም በዚሁ ልኬት ከዚያ ብዙ ስለማያንስ ሞለኪውሎቹ አንድ በአንድ ተሰልፈው ያልፋሉ። ያም ሆኖ በአንድ ቦይ በሰከንድ 3 ቢሊዮን ገደማ ያልፋሉ፤ ይህን ባስተማርሁ ቁጥር እደነቃለሁ።

ፕሮቲኖቹን ከጀጎል አምስት ጥንታውያን በሮች ጋር ማመሳሰል ግን በቁጥር ረገድ ያሳስታል። ባንድ 3 የተባለው ፕሮቲን ብቻ በአንድ ቀይ የደም ሕዋስ ላይ አንድ ሚሊዮን ያህል ቅጂ አለው፤ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ስለሚቆም፣ በእኛ ልኬት ሁለት ሜትር በማይሞላ ርቀት አንድ ጥንድ ይገኛል ማለት ነው።