ድራይቨሩን ከመፍታትህ በፊት ድንጋዩን ለየው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣልህ ባለ አራት ድንጋይ የእጅ ባትሪ አለህ። ኤልኢዲው የ12 ቮልት ነው፤ ድንጋዮቹ አራቱም በአንድ አቅጣጫ ይገባሉ። ድንጋዮቹን ግን እዚሁ ነው የገዛኸው። ከፍተኛው ላይ ስታደርገው ብልጭ ድርግም ይላል። አጥፍተኸው ያድርና ጠዋት ድንጋዩ ባዶ ነው። ሠሪው ደግሞ «ድራይቨሩ (ለኤልኢዲው ኃይል የሚመጥነው ቦርድ) ተቃጥሏል፣ ይቀየር» አለህ።

እኔ ገና ነው እላለሁ። «ድራይቨሩ ሞቷል» ተብለው እጄ የሚገቡ ባትሪዎች አብዛኞቹ ቦርዳቸው ደህና ነው። ችግሩ ያለው ኃይሉ ወደ ቦርዱ በሚመጣበት መንገድ ላይ ነው።

በመጀመሪያ፣ ቦግ ብሎ በርቶ ከደቂቃ ሁለት ደቂቃ በኋላ ቀስ እያለ ዝቅ ማለቱ ብልሽት አይደለም። ኤልኢዲ ከሚወስደው ኃይል ግማሽ በላዩ ሙቀት ሆኖ ነው የሚወጣው። ያቺ ትንሽ የአሉሚኒየም ጭንቅላት ያን ሁሉ ማስወጣት ስለማትችል ድራይቨሩ ራሱን ይቀንሳል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የሉመን ቁጥር የመጀመሪያዋ ደቂቃ ቁጥር ነው፤ ይሄን ደግሞ ማንም ሻጭ አይነግርህም። ብልጭ ድርግሙ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

አራቱ ድንጋዮች ጎን ለጎን ሆነው በአንድ አቅጣጫ ከገቡ ፓራለል (ፕላስ ከፕላስ፣ ማይነስ ከማይነስ የተያያዙ) ናቸው ማለት ነው። ስለዚህ ድራይቨሩ 4 ቮልት አካባቢ ተቀብሎ ወደ 12 ከፍ ያደርጋል። የዚህ ዓይነት ድራይቨር ጸባዩ ለየት ይላል። ድንጋዩ ሲደክም አይምርም፣ ጭራሽ አብዝቶ ይስባል። ብክነቱን ትተን እናስላው። 60 ዋት ለማውጣት በ4 ቮልት 15 አምፔር ይበቃዋል። ቮልቱ 3 ሲሆን ግን 20 አምፔር ይፈልጋል። ደካማ ድንጋይ ይሄን ሲጠየቅ ቮልቱ ዝቅ ይላል፤ ድራይቨሩም «አልቋል» ብሎ ይዘጋል። ጭነቱ ሲነሳለት ድንጋዩ መለስ ይላል፣ ድራይቨሩም እንደገና ይከፍታል። ያ ነው የምታየው ብልጭ ድርግም።

አሁን ወደ ድንጋዮቹ። ላዩ ላይ 9900 የሚል ከሆነ ወዲያ በለው። 18650 (ወርዱ 18፣ ቁመቱ 65 ሚሊሜትር የሆነው ሊቲየም ድንጋይ) ላይ እንዲህ ያለ አቅም የለም። ደህና አምራች የሚያወጣው 3,500 ሚሊአምፔር ሰዓት አካባቢ ነው፤ በጣም አዳዲሶቹ 4,000 ቢነኩ ነው። የወጥ ቤት ሚዛን ካለህ መዝነው። ጤነኛው 45 ግራም አካባቢ ይመዝናል። በጣም ቀለል ካለ ውስጡ ብዙ ነገር የለም።

የሌሊቱም ነገር ከዚሁ ሊመጣ ይችላል። በፓራለል አንድ ራሱን የሚያፈስ ድንጋይ ካለ ሦስቱን ይዞ ይወርዳል። እናም ዛሬ ማታ ሞልተሃቸው አውጣቸውና ለየብቻ አሳድራቸው። ጠዋት በቴስተር ለካ። አንዱ ብቻ ወርዶ ካገኘኸው ሌባው ተያዘ። (አሮጌና አዲስ፣ ሙሉና ጎዶሎ ቀላቅለህ አትክተት። ክዳኑን ባጠበቅክባት ቅጽበት ሙሉው ጎዶሎውን በኃይል መሙላት ይጀምራል። አደገኛ ነው።)

አራቱም ደህና ካደሩ ነው ወደ ቦርዱ የምንሄደው። ባትሪው ጠፍቶ እያለ የሚስበውን ለካ። መጀመሪያ በ10 አምፔር መስመር ጀምር፤ ዝም ካለ ወደ ዝቅተኛው ውረድ። እየለካህ አታብራው፣ የቴስተሩ ፊውዝ ይሄዳል። ጤነኛ ባለ ኤሌክትሮኒክ ማብሪያ ሲጠፋ የሚስበው በማይክሮአምፔር የሚቆጠር ነው። በአስርና በመቶ ሚሊአምፔር ካነበብክ ሠሪው ልክ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ቦርዱ ላይ ያለ የተሰነጠቀ ሴራሚክ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ) ነው። ባትሪው ሲወድቅ ወይም ቦርዱ ሲጣመም ይሰነጠቃል፣ ከዚያ በውስጡ ያፈስሳል። ስንጥቁ በዓይን ላይታይ ይችላል። እርጥበት ገብቶም ከሆነ እንዲሁ ያፈስሳል፤ ያ ግን በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ ይጸዳል።

ሳትረሳ ድንጋዩን የሚጫኑትን ሞላዎችና የክዳኑን ጥርስ እይ። የደከመ ሞላ ቀለሙ ወደ ቡኒና ሰማያዊ ይሄዳል፤ በጣትህ ስትጫነው ተመልሶ አይነሳም። ሞላ ሲግል ነው እንዲህ የሚሆነው። 10 አምፔር በሚያልፍበት ቦታ 20 ሚሊኦም ብቻ ትርፍ መቋቋም ቢኖር 0.2 ቮልት ይበላል፣ 2 ዋት ደግሞ እዚያው ይነዳል። ያንተ ክዳን ጥርስ የሚያሳልፈው ከዚያ በላይ ነው። አሮጌውን ቅባት ጥረግ፣ ቦርዱን የሚይዘውን የነሐስ ቀለበት አጥብቅ። እሱ ከላላ ብቻውን ብልጭ ድርግሙን ያመጣል።

ለሌሎቻችሁ ደግሞ፣ ባለ አንድ ድንጋይ የያዛችሁ፣ ነገሩ ይለያል። ቀላሉ ድራይቨር ትርፉን ቮልት ወደ ሙቀት ነው የሚቀይረው። ድንጋዩ በጭነት 4 ቮልት፣ ኤልኢዲው 3.2፣ የሚያልፈው 5 አምፔር ቢሆን የሳንቲም መጠን ባላት ቦርድ ላይ 4 ዋት ይቀራል። ለዚህ ነው ልክ በሞላ ድንጋይ ብቻ የሚያስቸግረው። በሞስፌት (እንደ ማብሪያ የሚከፍትና የሚዘጋ ትራንዚስተር) ቀጥታ የሚሰራው ደግሞ ልጓም የለውም። የሚይዘው የድንጋዩና የሞላው መቋቋም ብቻ ነው። እሱ ላይ ሞላውን በሽቦ አስብዬዳለሁ፣ ጉልበተኛ ድንጋይ እከታለሁ የሚል ሰው ኤልኢዲውን ሊያቃጥል ይችላል። ሞስፌት ሲሞት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሾርት ሆኖ ነው። ክዳኑን ስታጠብቁ በሙሉ ኃይሉ ይበራል፣ ማብሪያው አይሰማም። እንዲህ ካያችሁ ቶሎ ፍቱት፤ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ ጨርቅ ያቃጥላል።

ወዳንተ ስመለስ፣ ድንጋዩ እስኪጣራ ክዳኑን ሩብ ዙር ላላ አድርገህ አስቀምጥ። ከዚያም ማብሪያውን ሞክረው፤ አሁንም ከበራ ጥርሱ ኤሌክትሪክ የሚከለክል ቀለም የለውምና ድንጋዩን ማውጣት ይሻላል። የጠዋቱን ንባብና ጠፍቶ የሚስበውን ቁጥር እዚህ ጻፍልን። በሚሊአምፔር ከሆነ የቦርዱን ፎቶ በሁለቱም ፊት አንሳና ላክ፣ ስፋቱንም በሚሊሜትር ለካ። ቦርድ ይቀየር ከተባለም ያ ልክ ሳይያዝ የሚገዛ ነገር የለም።